አንድ ክንድ ክፈት፣ አንድ ክንድ ዝጋ

በመጋቢት የመጀመሪያው ሰኞ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ሌዮንስ ፔሪሹ መሰላሉን የአባቱ ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፎ መሮውን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ። ቤቱ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ቁርስ ላይ ነበርን። ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ ነው። መዶሻው አንድ ጊዜ ሲመታ ጠባቧ መንገዳችን ሁለት ጊዜ ትመልሰዋለች።

«ጀመረ» አለች እናቴ፣ ዳቦዋን ቡናዋ ውስጥ እየነከረች።

«ምኑን?»

«የሠራውን ማፍረስ።»

ሌዮንስ ያኔ ሰባ ዓመቱ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ጉልበቱ የደከመ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። ሰው ሲያመሰግነው ይከፋዋል። ለምን እንደሚከፋው መንደራችን ላ ብሮስ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ያወቅሁት እናቴ ባወቀችበት ምሽት ነው።

እኛ መንደር ድሮ ወንድ ልጅ ተወለደ ማለት ግንበኛ ተወለደ ማለት ነበር። የሌዮንስ አባት አንሴልም እንደ አባቱና እንደ አያቱ መጋቢት ሲገባ ፓሪስ ይሄዳል፤ የሰው ቤት ሲገነባ ከርሞ ኅዳር ሲጠባ ለሚውለው ለቅዱሳን ሁሉ በዓል ይመለሳል። የራሱን ቤትና ከጎኑ የተጣበቀውን ትልቁን በረት፣ ታቹ ለላሞች ላዩ ለድርቆሽ የሆነውን፣ የሠሩት ቅድመ አያቶቹ ናቸው። ግድግዳቸው እንደ አገሩ ሁሉ ሁለት ፊት አለው፤ አንድ የድንጋይ ረድፍ በውጭ፣ አንድ የድንጋይ ረድፍ በውስጥ፣ መሐሉ አፈርና ጠጠር። ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ኖራ ነው።

ሌዮንስ ሃያ ሁለት ዓመት በሞላው ዓመት አንሴልም ፓሪስ ላይ ከመወጣጫ ወድቆ ዳሌውን ተሰበረ። ሦስት ወር ሆስፒታል ተኛ። ልጁ ሌዮንስ በሊዮን ከተማ ትልልቅ ፎቅ ሲሠራ ቆይቶ ሲሚንቶ የሚባለውን ነገር ጠንቅቆ ተምሮ ነበር፤ አባቱ ሲመለስ ደስ ሊያሰኘው ፈለገ። ሥራውን ትቶ መጣና ከግድግዳው መገጣጠሚያ ላይ ያረጀውን ኖራ አንድም ሳያስቀር ፋቀው። በምትኩ ሲሚንቶ ሞላበት። ግድግዳው ለሠርግ የተላጨ ሙሽራ መሰለ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ሴቶቹ «ከእንግዲህ አይጥ በየት ትገባለች?» እያሉ አደነቁ።

አንሴልም በተመለሰበት ቀን ሰው ወይን ይዞ መንገዱ ላይ ይጠብቀው ነበር። ከመኪና ወረደ፣ ክራንቹን ብብቱ ሥር አስተካከለ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ብዙ ቆየ።

«ታዲያ ይሄ በምን ሊተነፍስ ነው?» አለ።

ከዚያ ገብቶ ሾርባውን ጠጣ። እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ግድግዳ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። በማግስቱ ሌዮንስ ባልዲውን ይዞ ወደ በረቱ ሲዞር ግን አባቱን በሩ ላይ በክራንች ቆሞ አገኘው።

«ከብቶቼን ተዋቸው» አለው።

በረቱ ሳይነካ ቀረ።

ሌዮንስ በሚቀጥሉት አራት ዓመታት የአሥራ አንድ ቤት ግድግዳ በሲሚንቶ ዘጋ። የእኛ ቤት ሰባተኛው ነው። አያቴ ተራው እንዳያልፈው ዶሮ አርዶ ጋብዞታል።

እርጥበት ሲመጣ አያንኳኳም። ከመሬት የሚወጣው ውሃ ድሮ በኖራው በኩል ቀስ እያለ ይተን ነበር፤ አሁን መውጫ አጥቶ ድንጋዩ ውስጥ ቀረ። በስድስተኛው ክረምት የልብስ ሣጥኖች ጀርባ ሻገተ። በአሥረኛው የወለል እንጨት ለሰለሰ። አሮጊቶች ደረታቸውን ታመሙ። ሰው ወንዙን ወቀሰ፣ ዘመኑን ወቀሰ፣ የዛሬ ክረምት እንደ ድሮው አይደለም አለ። ሌዮንስ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲጠግን ከሲሚንቶ ሥር የቆየ ድንጋይ በጣቱ ነካ፤ እንደ ስኳር ረገፈበት። ያን ቀን መሣሪያውን ሰብስቦ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት የሠራው በኖራ ብቻ ነው። ለአሥራ አንዱ ቤት ባለቤቶች ግን ሄዶ አልነገራቸውም። ዛሬ ነገ ሲል አባቱ ሞተ፤ ዛሬ ነገ ሲል ራሱ ሸመገለ። ሚስትም አላገባም።

እኅቱ ሶላንዥ በአራት ዓመት ትበልጠዋለች። ባቡር ጣቢያ ትኬት ስትሸጥ የኖረች፣ ድምፅዋ መንገድ የሚሻገር ሴት ናት። ባሏ ሲሞትባት ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ያዘች። መጀመሪያ ሳቋ ነበር እኛ ቤት ድረስ የሚሰማው። በኋላ ሳሏ ሆነ።

ያ መጋቢት ከመግባቱ በፊት በነበረው ክረምት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ሳንባዋ እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ክረምት እንደማይችል ተናገረ። ልጇ ዲዲዬ ከከተማ መጣ። እናቴ ያን ዕለት የድንች ቂጣ ጋግራ ወስዳላቸው ስለነበር ነገሩን በጆሮዋ ሰምታለች።

«አጎቴ፣ ቦታ አግኝቼላታለሁ» አለ ዲዲዬ። «መጦሪያ ቤቱ ንጹሕ ነው። ማሞቂያ አለው።»

«እኔም ቦታ አለኝ» አለች ሶላንዥ። «ተቀምጬበታለሁ።»

«እማዬ፣ ግድግዳው እኮ ያልበዋል።»

«እኔንም ያልበኛል። ለላብ ሰው መጦሪያ ይገባል?»

ሌዮንስ እንደ አገሩ ልማድ ከሾርባው ትራፊ ላይ ቀይ ወይን አፍስሶ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ ጨለጠውና አፉን ጠረገ። «እስከ ቅዱሳን ሁሉ በዓል ጊዜ ስጠኝ» አለ። «ግድግዳውን አደርቀዋለሁ።»

«ካልደረቀስ?»

«ይዘሃት ትሄዳለህ።»

«ዶሮ ነኝ እንዴ፣ እግሬን ይዛችሁ የምትገበያዩብኝ?» አለች ሶላንዥ። ግን እንቢ አላለችም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለው ረጅሙ ግድግዳ፣ የሶላንዥ ክፍል የተደገፈበት፣ ከበዓሉ በፊት ሲሚንቶው ተነሥቶለት፣ ደርቆ፣ በኖራ መዘጋት አለበት። ኖራ ውርጭ አይወድም። ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ ይህን በእኛ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል።

ሥራው እስኪያልቅ ሶላንዥ የምታድርበትን ሌዮንስ በረቱ ውስጥ አዘጋጀላት። የድርቆሹን ፎቅ ጠረገ፣ ወለሉን በአዲስ ሳንቃ አለበሰ፣ አንድ መስኮት ከፈተ፣ አልጋዋን በገመድ ጎትቶ አወጣ። ጣሪያ ሠሪው ራውል አገዘው። ራውል የልጅነት ጓደኛው ነው፤ አንድ እግሩን ያነክሳል፣ ምላሱን ግን አያነክስም።

«ጌታ በረት ውስጥ ተወለደ» አለ ራውል ፍራሹን እየገፋ። «ሶላንዥ ደግሞ ልትሞትበት ገባች።»

«አንተን ሳልቀብር የትም አልሄድም፣ አንካሳ!» አለች ከታች። «ቀስ አድርግ፣ ያ ፍራሽ ካንተ ሚስት ይሻላል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ ራውል።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ መስኮቱን ከፍታ ቆመች። «የሶላንዥ ሳል የት ሄደ?» አለች። እውነትም አልነበረም። በረቱ ደረቅ ነው። ላሞቹ ከተሸጡ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ድንጋዩን የያዘው አሮጌ ኖራ ግን እንደነበረ አለ። ሶላንዥ ይህን ስትረዳ እየሳቀች ወንድሟን ጠራችው። «አየህ፣ አባዬ ከእኔና ካንተ ይልቅ ለላሞቹ አሰበ!» ሌዮንስ አልሳቀም። ወደ መሰላሉ ተመልሶ ወጣ።

በረቱ ግን ምድጃም ጭስ ማውጫም የለውም። ለበጋ እንጂ ለክረምት አይሆንም።

አንሴልም ለልጁ ያወረሰው አንድ የሥራ ሕግ ነበር፤ አሮጌ ግድግዳ ስትነካ አንድ ክንድ ክፈት፣ አንድ ክንድ ዝጋ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ። ሌዮንስ በዚሁ ሕግ ሠራ፤ ኖራውን የጀመረው ውርጩ ሲያልፍ በሚያዝያ ነው። ከታች ተነሥቶ አንድ ክንድ ይፍቃል፣ ድንጋዩን በብሩሽ ያጸዳል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ በኖራ ይዘጋል። ግንቦት ግን ዝናብ ሆነ። ሰኔም ዝናብ ሆነ። ግድግዳውን በሸራ ሸፈነ፤ ሸራው ሥር ድንጋዩ እንደ እርጥብ ውሻ ሸተተ። ሐምሌ ሲገባ ሠርቶ የጨረሰው ሦስት ክንድ ብቻ ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ክንድ ሦስት።

ሲጠበቅ የቆየው ሙቀት በሐምሌ አጋማሽ መጣ። ሌዮንስ አራት ቀን ሙሉ ከማለዳ እስከ ምሽት መዶሻውን አላስቀመጠም። አምስተኛው ቀን ላይ ራውል እያነከሰ መጣና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። የቀረው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ተከፍቷል።

«አባትህ ምን ይል ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ንገረኛ።»

«አንድ ክንድ ክፈት፣ አንድ ክንድ ዝጋ።»

«ይሄ ስንት ክንድ ነው?»

አሥራ ስድስት ነበር።

«ፀሐዩ ሦስት ሳምንት ይቆያል ብለዋል» አለ ሌዮንስ። «ክፍቱን ካልደረቀ ለበዓሉ አይደርስም።»

«ግድግዳው ሆዱ ገፍቷል እኮ። ቱንቢ ጣልበት እስቲ።»

«ጥዬበታለሁ።»

«ታዲያ?»

«ያን ሁሉ ዘመን የቆመ ሦስት ሳምንት አይቆምም?»

ራውል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከሰዓት በኋላ በጋሪ ስድስት ወፍራም ግንድ አምጥቶ ጣሪያውን ከውስጥ ደገፈው። «ላንተ አይደለም» አለ። «ለጣሪያው ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ግድግዳው በነሐሴ ዘጠኝ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወደቀ። ሌዮንስ ወርዶ ጓሮ አሸዋ እየነፋ ነበር። ሶላንዥ በረቱ ደጃፍ አንሶላ ታሰጣለች። እኔ መስኮታችን ላይ ነበርኩ፤ አየሁት። ሆዱ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ መጣ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ መንገድ የደከመው ሽማግሌ እንደሚቀመጥ ተቀመጠ። ድምፁ የመጣው ከአቧራው በኋላ መሰለኝ። የራውል ግንዶች ጣሪያውን ይዘው ቀሩ። ሰው አልተጎዳም።

አቧራው ሲወርድ ነገሩ ታየ። በሁለቱ የድንጋይ ፊት መካከል የነበረው አፈር አርባ ስምንት ዓመት ጭቃ ሆኖ ኖሮ፣ በዚያ ሙቀት ደርቆ ዱቄት ሆኗል፤ ከቀረው ግንብ ውስጥ እንደ ተቀደደ ጆንያ እየፈሰሰ ነበር። ድንጋዮቹን ይዞ ያቆያቸው ሲሚንቶው ነበር። ቤቱን ያሳመመውም ደግፎ ያቆየውም እሱ ነው። ሌዮንስ ወንፊቱን እንደያዘ መጥቶ ይህን አየ። ግንበኛ ስለሆነ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

የሶላንዥ ክፍል ለመንገዱ ተከፍቶ ቀረ። ጽጌረዳ የተሣለበት የግድግዳ ወረቀት፣ የባሏ ፎቶ፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው የክረምት ቀሚሷ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ ሁላችንም ሌላ ሌላ ቦታ ማየት ጀመርን። ሶላንዥ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች መጥታ ከወንድሟ አጠገብ ቆመች።

«በል» አለች፣ «አሁን ተነፈሰ።»

የሳቀ ሰው የለም። እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። ያን ጊዜ ነው ሌዮንስ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው።

ዲዲዬ በሳምንቱ መጨረሻ ደረሰ። ክፉ ሰው አይደለም። ፍርስራሹን አንድ ጊዜ ዞረውና እጅጌውን ሰበሰበ።

«አጎቴ፣ መፍትሔ አለው። ብሎኬትና ሲሚንቶ ዛሬ አዝዛለሁ። አራት ሰው ይዘን በአሥር ቀን እናቆመዋለን። በውስጥ ማሞቂያ እናስገባለን። እማዬ ለክረምት ቤቷ ትገባለች።»

ራውል አንገቱን ነቀነቀ። «ይቆማል» አለ። «ውበት የለውም እንጂ ይቆማል። በኖራ ከሆነ ግን እስከ መጪው ዓመት መጨረሻም አያልቅም።»

ሌዮንስ መሬት መሬት እያየ «አምጣው» አለ። «ሲሚንቶውን አምጣው።»

«ተው» አለች ሶላንዥ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«የአባዬን ቤት ሁለተኛ አታንቀውም። እሱ አንድ ጊዜ ጠየቀህ፤ መልስ አልሰጠኸውም። አሁን መልስለት። እንደሱ አድርገህ ሥራው፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እሄዳለሁ። ማሞቂያ አለው ተብያለሁ አይደል?» ወደ ዲዲዬ ዞረች። «መስኮት አለው?»

«አለው፣ እማዬ።»

«ካለው ምን ችግር አለ።»

የሄደችው ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። በረቱ ውስጥ እሳት ሳይኖራት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቆየች። ሁለት ሻንጣና የባሏ ፎቶ ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች። ሌዮንስ እስከዚያ ፍርስራሹን ሲያነሣ ከርሞ ድንጋዮቹን በሙሉ በመጠን በመጠን ለይቶ መንገዱ ዳር ደርድሮ ነበር፤ መኪናው በድርድሩ አጠገብ ቀስ ብሎ አለፈ። ሶላንዥ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ «ያንን ትልቁን ከታች አድርገው!» ብላ ጮኸች። እሱ እጁን አነሣ። ሳሏ በዚያው ሳምንት ተመለሰባት፤ ከበረቱ ብርድ ይሁን ከሌላ ማንም አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ሌዮንስ ሁለት ሳምንት ሠራ። መሠረቱን አጸዳ፣ ትልቁን ድንጋይ ከታች አደረገ፣ ግድግዳውን እስከ ጉልበቱ ድረስ አወጣ። በኅዳር አሥራ ሁለት ሌሊት ውርጭ ወረደ። በማግስቱ ሥራውን በገለባና በጆንያ ሸፍኖ መሣሪያውን አጠበ። የክፍሏን ክፍተት በሸራ ጋረደና ራሱ ጓሮ ባለችው ማድ ቤት መኖር ጀመረ።

እሑድ እሑድ በአውቶቡስ መጦሪያው ቤት ይሄዳል። መጀመሪያ የሄደው ውርጩ ከመውረዱ በፊት በነበረው እሑድ ነው፤ ሶላንዥን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አገኛት። መስኮቱ የሚከፈተው አንድ ስንዝር ብቻ ነው።

«ሾርባቸው ሙቅ ውሃ ነው» አለችው። «ወይን ጨምሬ ልጠጣው ብል ልጅቷ ከለከለችኝ። ወይኑም ቢገባበት ያፍር ነበር። እጅህን አምጣ።»

እጁን ሰጣት። አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። እርጥብ ኖራ ይሸታል፤ አባታቸው ለበዓሉ ከፓሪስ ሲመለስ የሚሸተው ሽታ ነው።

«የት ደረስክ?»

«ጉልበት ጋ።»

«ጥሩ ነው። ቱንቢህን አትርሳ።»

ያ እውነት ነበር። የሚቀጥለው እሑድ ግን ውርጩ ወርዶ ሥራው ቆሟል። «የት ደረስክ?» አለችው እጁን ይዛ። ፊቷ ከስቶ ነበር። ሌዮንስ ለራሱም ሳይታወቀው «ወገብ ጋ» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ግድግዳው ማደጉን አላቋረጠም። በታኅሣሥ መስኮቱ ሥር ደረሰ። ለገና የመስኮቱን መደብ ድንጋይ አስቀመጠ፤ የድሮውን፣ ልጆች ሳሉ የሚቀመጡበትን፣ አንድ ጥጉ የተሸረፈውን። ማለዳ አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ጓሮ ወጥቶ የባልዲውን በረዶ ይሰብርና ሁለት እጁን ኖራው ውስጥ ይነክራል። ከመንገዱ ማዶ ሆና እናቴ አይታዋለች። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር።

በጥር እናቴ ሶላንዥን ልትጠይቅ አብራው ሄደች። ሌዮንስ የመስኮቱን ሁለት ጎን እንዴት እንዳቆመ ሲተርክ አጠገቡ ተቀምጣ ሰማች፤ ምን እንደምትል ግራ ገባት። እሱ ውሃ ሊያመጣ ሲወጣ ሶላንዥ የእናቴን ክንድ ያዘች።

«ኢቬት፣ ፊትሽን እንዲህ አታድርጊ። ያሳብቅብሻል።»

«ምኑ?»

«የግንበኛ ልጅ ነኝ። በጥር ኖራ የሚለጥፍ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ሳሏን ጠብቃ አሳለፈችው። «እንዳትነግሪው። ዛሬ መስኮቴን ሠራልኝ። ትንሽ ከታገሠኝ ጣሪያ ጋ እንደርሳለን።»

የደረሱት የመስኮቱ የላይኛው ደፍ ጋ ነው። ሶላንዥ በየካቲት አሥራ ዘጠኝ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሞተች።

የቀብሯ ዕለት ሬሳዋን የያዘው መኪና እንደ ልማዳችን በቤቷ ደጃፍ አልፎ ትንሽ ቆመ። ግድግዳው ጉልበት የሚያህል፣ ገለባና ጆንያ የለበሰ፣ በረዶ የተኛበት ነበር። ዲዲዬ ከመኪናው ወርዶ ያንን አየ።

«አጎቴ፣ እማዬ ሊያልቅ ነው አለችኝ እኮ። መስኮቷ ገብቷል ብላኝ ነበር።»

ሌዮንስ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። «እኔ ነኝ ያልኳት» አለ። «ዋሸኋት።»

እናቴ አጠገባቸው ነበረች። «እንዳትነግሪው» የተባለችውን ጠበቀች።

ከቀብሩ በኋላ በመጋቢት፣ ሌዮንስ ከቤት ቤት መሄድ ጀመረ። ከአሥራ አንዱ ቤት ሰው ያለበት ሰባቱ ብቻ ነው። እኛ ጋ አመሻሽ ላይ መጣ። ወንበር ስንሰጠው አልተቀመጠም።

«ግድግዳችሁን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ። «እርጥበቱ ከወንዙ አይደለም።»

«የዘጋኸውማ ለምነንህ ነው» አለች እናቴ። «አባቴ ዶሮ አርዶልሃል።»

«ያኔ አላወቅሁም ነበር። በኋላ ግን አወቅሁ፣ አርባ ዓመት አለፈው። ሳልነግራችሁ ኖርኩ። እናትሽ ደረቷን ታማ ስትሞት ሬሳ ሣጥኗን ተሸክሜያለሁ፤ ያኔም አልነገርኩሽም።»

እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ነበር። እናቴ ሄዳ በሩን ዘጋች፤ የሚወጣ መስሏት ይሁን ብርዱ እንዳይገባ አላውቅም።

«እኔም ያልነገርኩህ አለ» አለች። «ሶላንዥ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«በጥር ኖራ እንደማይለጠፍ።»

ሌዮንስ ያን ጊዜ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው፣ መልሶ አዞረው።

«ታዲያ ለምን ዝም አለችኝ?»

«መስማት ደስ ይላት ነበር።»

ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ግድግዳችንን በመዳፉ ነካ፣ ልክ እንደ አባቱ። «ይሄም መከፈት አለበት» አለ። «ግን አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ነው። ለሰባቱም ቤት ዕድሜዬ አይበቃኝም።»

«የደረስክበትን ያህል» አለች እናቴ።

በሚያዝያ ጆንያውን አነሣ። የኅዳሩ ሥራ ከላይ አንድ ጣት ያህል በውርጭ ተበልቶ ነበር፤ ያንን ፍቆ እንደገና ጀመረ። በቀን ስድስት፣ ሰባት ድንጋይ። ራውል አንዳንድ ቀን መጥቶ ይቀመጣል፤ የሚሰድበው ሰው ስላጣ ብዙም አይናገርም። በነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሌዮንስ ያንን ጥጉ የተሸረፈ የመስኮት መደብ ድንጋይ በራውል እርዳታ አንሥቶ ቦታው ላይ አስቀመጠው፤ ውሃ ልክ አድርጎ ቱንቢ ጣለበት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ኖራ የለበሰ እጁን ሳይታጠብ ወደ ሶላንዥ መቃብር ሲወርድ በመስኮታችን አየነው።